ከዲሲ አካባቢ ወደ ባሕር፦ ከጓደኛ ጋር በመኪና ለመውጣት ከአራቱ መንገዶች የቱ ይሻላል?

ሜይ ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ባሕር ልንሄድ ነው፤ የት ይሻላል?» ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ውድብሪጅ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ኦፋቸው የሚገጣጠመው ከስንት አንዴ ነው። አንድ መኪና አላቸው። ከሁለቱ አንዳቸው ዋና አይችሉም። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ደግሞ ባሕሩ ሁሉ ሰማያዊ፣ ሆቴሉ ሁሉ ከውሃው አፍ ላይ የቆመ ይመስላል። ጉዞውን የሚያበላሸው ግን ፎቶው ላይ የማይታየው ነው፦ የድልድዩ ሰልፍ፣ የመኪና ማቆሚያው ሒሳብ፣ ሁለት ሌሊት ካልከፈላችሁ አናሳድርም የሚለው ሆቴል፣ ከሩቅ ትንሽ መስሎ ሰው የሚደፋው ማዕበል።

እኔና ጓደኛዬ ይህን የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ከኒው ጀርሲው ኬፕ ሜይ እስከ ኖርዝ ካሮላይናው ኬፕ ሃተራስ፣ በየሰመሩ ቁራጭ በቁራጭ ነድተነዋል። ከዚህ በታች አራት መንገዶችን አወዳድራለሁ። ሰዓቱም ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመንገዱ ርዝመትም ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲነሡ፣ ትራፊክ በሌለበት፣ በግምት ነው።

## መጀመሪያ መለኪያው

ሰዓት ለሌሊት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኛ ሕግ ይህ ነው፦ ለአንድ ሌሊት አዳር በአንድ ጉዞ ከሦስት ሰዓት በላይ አንነዳም። ለሁለት ሌሊት እስከ አራት ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ በላይ ለሚርቅ ቦታ ቢያንስ ሦስት ሌሊት። የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ የምትነሡ ከሆነ ከዚህም ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ወደ ባሕሩ በሚወስደው በሩት 50 ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ዓይኑ ይከደናል።

ውሃው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አብዛኞቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው። ዋና የተማርን ካለንም በወንዝ ወይም በሆቴል ገንዳ ነው፤ ውቅያኖስ ሌላ ነገር ነው። ሁለት አደጋዎችን ለይታችሁ እወቁ። አንዱ ሪፕ ከረንት የሚሉት ነው፤ ማዕበል ዳር ላይ ያከማቸው ውሃ በጠባብ መስመር ወደ ውስጥ ሲመለስ የሚፈጥረው ጅረት። ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። ሰው የሚሞተው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱ አልቆ ነው። ከያዛችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ፤ ካልቻላችሁ በጀርባ ተንሳፍፋችሁ እጃችሁን አውለብልቡ። ሁለተኛው አደጋ መዋኘት የማይችሉትን ይበልጥ ይጎዳል። ዳርቻው ገደላማ በሆነበት ቦታ ማዕበሉ ሩቅ ሳይሰበር መጥቶ ሰዉ የቆመበት አሸዋ ላይ ይሰበራል። ውሃው ጉልበት ስላልደረሰ ደኅና ነኝ ያለ ሰው በራሱ ተዘቅዝቆ አንገቱን ወይም ትከሻውን ይሰብራል። ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፤ ፎቶ ስትነሡም ጭምር።

ዋና የማይችል ጓደኛ ላላችሁ መፍትሔው ከባሕር መቅረት አይደለም። የሰላጤ ዳርቻ መምረጥ ነው። ቼሳፒክ እና ዴላዌር የሚባሉት ሰላጤዎች ላይ ያሉ ከተሞች ውሃቸው ዝቅ ያለና ረጋ ያለ ነው። ከአራቱ መንገዶች ሁለቱ ላይ እንዲህ ያለ ዳርቻ አለ።

ወቅቱና ጾሙ። ውሃው በሜይ መጨረሻም ቢሆን እግር የሚያደነዝዝ ብርድ አለው፤ ደኅና የሚሞቀው ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ነው። የኛ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ በመካከሉ ይገባል፦ ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ጁላይ 12፣ ፍልሰታ የሚገባው ኦገስት 7፣ የሚፈታው ኦገስት 22። ለሚጾም ሰው በጁላይና በኦገስት የሚቀሩት ሳምንታት የሆቴል ዋጋ ጣራ የሚነካባቸው ናቸው። ምርጡ ጊዜ ከሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) እስከ እንቁጣጣሽ ያለችው ሳምንትና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁለት ሳምንታት ይመስሉኛል። ውሃው ገና ሞቃት ነው፣ የፈረንጅ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሴፕቴምበር የሀሪኬን ወር ነው። ሀሪኬኑ ሩቅ ባሕር ላይ ቢቀርም እንኳ ሪፕ ከረንቱ እኛ ዘንድ ይደርሳል።

የተደበቀ ወጪ። ቶል የሚባለው የመንገድና የድልድይ ክፍያ፣ የማቆሚያ ሜትር፣ ሆቴሉ የሚጠይቀው ትንሹ የሌሊት ቁጥር፣ የሪዞርት ክፍያ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ሆቴል ስልክ ላይ ያየነውን ዋጋ ይዘን ገብተን፣ ስንወጣ በየሌሊቱ ለማቆሚያና ለ«ሪዞርት» የተጨመረ ሒሳብ ሰጠን። የመዋኛ ገንዳው ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደውዬ «ታክሱና ሁሉም ነገር ተደምሮ ለሁለት ሌሊት ስንት ነው?» ሳልል ካርዴን አላወጣም።

ምግብና መንገዱ። ከነዚህ ከተሞች አንዱም ላይ እንጀራ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሡ። መንገዱን ራሱንም እንደ መለኪያ እቆጥራለሁ። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ግማሹ ጉዞ መኪናው ውስጥ ያለው ወሬ ነው፤ አይ-95 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን እየረገጡ ደግሞ ወሬ አይወራም።

## ድልድዩ

ከአራቱ ሁለቱ በግድ፣ ሦስተኛውም እኔ በምመርጠው አካሄድ ከሆነ፣ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይን ይሻገራሉ። ርዝመቱ 4.3 ማይል ነው፤ የመጀመሪያው በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። መሐሉ ላይ መንገዱ ይጎብጥና ከፊታችሁ አስፋልቱ ጠፍቶ ሰማይ ብቻ ይቀራል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ስንሻገር የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እያለች ማዶ ያለችው ኬንት አይላንድ ደረስን። ተሳፋሪ ሆኖ መፍራት ይታለፋል፤ ሾፌሩ የሚፈራ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ማን እንደሚነዳ ወስኑ። መኪናችሁን በክፍያ ነድተው የሚያሻግሩ ሰዎችም አሉ፤ ፍርሃቱ የብዙ ሰው ነው ማለት ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

የሚከፈለው ወደ ባሕሩ ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ስትመለሱ ነጻ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ቶል የሚከፍለው መሣሪያ፣ ኢ-ዚፓስ፣ ከሌላችሁ ሒሳቡ ጨመር ብሎ በፖስታ ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ አትሞክሩት። ወይ ዓርብ ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ፣ ወይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ተሻገሩ።

## አንደኛ፦ ኦሽን ሲቲና አሳቲግ

ከ140 ማይል ጥቂት የሚበልጥ ወይም የሚያንስ፣ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሩት 50ን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው መንዳት ነው፤ መንገዱ ራሱ እዚያ ያልቃል። ከከተማው ስትወጡ ወደ ምዕራብ የቆመ ምልክት አለ፦ «ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3073 ማይል»። የያዛችሁት መንገድ አገሩን አቋርጦ ሌላኛው ጫፍ አጠገብ እንደሚደርስ የሚነግር ነው። እኛ ባየነው ቁጥር ፎቶ እናነሣለን።

ለወሬ፣ ለብርሃን፣ ለሰው መንጋ የሚሄድ ሰው ቦታው ይህ ነው። ቦርድዎኩ፣ የባሕር ዳሩ የእንጨት መንሸራሸሪያ፣ በደቡብ ጫፍ ካለው የባሕር መግቢያ እስከ 27ኛው መንገድ ሦስት ማይል ያህል ይዘረጋል፤ ዳርቻው ራሱ አሥር ማይል ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም። መኪናውን አንዴ አቁማችሁ በኮስታል ሀይዌይ ላይ በሚመላለሰው አውቶቡስ በቀን ትኬት መዘዋወር ይቻላል። ዋናተኞችን የሚጠብቁት የላይፍጋርዶቹ ሥራ ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 5፡30 ነው፤ ከሌበር ደይ በኋላም እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ይቆያሉ። ሌሎቹ ከተሞች ላይ ከሌበር ደይ ወዲህ ጥበቃው ስለሚሳሳ ይህ ለኔ ትልቅ ነጥብ ነው።

ለጾመኛ ደግሞ ያልታሰበ ሲሳይ አለ። ትሬሸርስ የሚባለው ከ1929 ጀምሮ ያለ ቤት ድንቹን በኦቾሎኒ ዘይት ይጠብሳል፤ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ ነው የሚደረግበት፣ ካቻፕ የላቸውም። ከኩለራችሁ፣ ከበረዶ ሣጥናችሁ፣ ያወጣችሁት ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት ማንም አይከለክላችሁም።

ከቦርድዎኩ ደቡብ ጫፍ ትንሽ ገባ ብላችሁ ደግሞ ሄንሪ ሆቴል የሚባለውን ያረጀ የእንጨት ሕንጻ እዩት። ጥቁር ሰው ሌላ ሆቴል ማደር በማይፈቀድለት ዘመን ጥቁር እንግዶችን ያሳድር የነበረው እሱ ነው። እነ ዱክ ኤሊንግተን፣ የጃዝ ሙዚቀኛው፣ እዚያ ያድሩ እንደነበር ይነገራል፤ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው ዱክ ኤሊንግተን ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ዳርቻ ፎጣችንን ዘርግተን የምንተኛው እኛ ይህን ማወቅ ያለብን ይመስለኛል።

ጉዳቱ፦ ጁን ውስጥ ሃይስኩል የጨረሱ ልጆች ከተማውን ይሞሉታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ነው። ሁለት ሴቶች ተኝተን እናርፋለን ብላችሁ ጁን ላይ አትሂዱ።

ኦሽን ሲቲን ዋጋ ያለው የሚያደርገው ግን ከሃያ ደቂቃ ያልራቀው ጎረቤቱ ነው። አሳቲግ በ1933 ሀሪኬን ቆርጦ የለየው ደሴት ነው፤ ሆቴል የለበትም፣ የዱር ፈረሶች አሉበት። በፌዴራል ፓርኩ በኩል መግቢያው በመኪና 25 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ያገለግላል። ከፈረሶቹ ቢያንስ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው፤ ማስቸገሩ ፈረሶቹ ይህን ሕግ አለማወቃቸው ነው። አንድ ጠዋት አሸዋው ላይ ቁርስ ዘርግተን ሳለ አንዲት ቡናማ ባዝራ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። ቀስ ብለን ወደ ኋላ ሸሸን፤ እሷ የኩለሩን ክዳን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችና የተጠቀለለውን እንጀራ በፌስታሉ ላይ አሸተተችው። ጠባቂው መጥቶ አባረራትና ረጋ ብሎ «ኩለር መኪና ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለን። ልክ ነበር፤ የሰው ምግብ የለመደ ፈረስ መንገድ ላይ እየወጣ በመኪና ይገጫል። ሌላው ነገር ቢንቢ ነው። የቢንቢ ማባረሪያ ሳይዝ በሰመር ወደ አሳቲግ የሄደ ሰው ግማሽ ሰዓት አይቆይም።

## ሁለተኛ፦ ልዊስ፣ ሬሆቦትና ኬፕ ሜይ

ለአንድ ሌሊት የምትሄዱ ከሆነ የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ከሩት 50 ወደ 404 ትታጠፋላችሁ። 120 ማይል ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱ በእርሻ መካከል ያልፋል፤ ጁላይና ኦገስት ላይ ዳር ዳሩን በቆሎ፣ ሐብሐብና ኮክ የሚሸጡ ገበሬዎች አሉ። ዴላዌር ውስጥ የሽያጭ ታክስ ስለሌለ ሬሆቦት አጠገብ ሩት 1 ላይ ያሉት አውትሌቶች፣ የቅናሽ መደብሮቹ፣ ለአገር ቤት ጫማና ልብስ ለሚገዛ ሰው የታወቁ ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ ቅዳሜ እዚያ ከገባችሁ ባሕሩን ሳታዩ ይመሻል። የሚዘንብበት ቀን አድርጉት።

ልዊስ ላይ የሆላንድ ሰዎች የሰፈሩት በ1631 ነው። ትንሽ፣ ጸጥ ያለች፣ ዋና መንገዷ በእግር አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ከተማ ናት። ዳርቻዋ ዴላዌር ሰላጤ ላይ ስለሆነ ውሃው የተኛ ነው። ዋና የማትችለው ጓደኛዬ መጀመሪያ ጊዜ እስከ ወገቧ የገባችው እዚህ ነው፤ ሹሩባዋን በሻሽ አስራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆመች። «ጨው ነው እኮ» አለች ከንፈሯን ቀምሳ፣ ሰው ነግሯት ያላመነችውን ነገር ራሷ እንዳረጋገጠች ሁሉ።

ከልዊስ አጠገብ ኬፕ ሄንሎፐን የሚባል ስቴት ፓርክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን መርከብ እንዳይገባ ይጠባበቁበት የነበረው የኮንክሪት ማማ ክፍት ነው፤ ደረጃውን ወጥታችሁ ሰላጤውና ውቅያኖሱ የሚገናኙበትን ታያላችሁ። ሬሆቦት ደግሞ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ቦርድዎኩ አንድ ማይል ብቻ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከኦሽን ሲቲ ይልቅ ረጋ ያለ ሕዝብ አለበት። ዳርቻው ነጻ ነው፤ በሰመር ግን ማቆሚያው በሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ይከማቻል። ከላይ የነገርኳችሁ ዳር ላይ የሚሰበር ማዕበል ደግሞ ሬሆቦትና ቤተኒ ቢች ላይ በደንብ አለ። ስለዚህ መዋኛው ልዊስ፣ መንሸራሸሪያው ሬሆቦት ይሁን።

አሁን ይህን መንገድ ከሌላው የሚለየው፦ መርከቡ። ከ1964 ጀምሮ ከልዊስ ኬፕ ሜይ የሚመላለስ ፌሪ አለ፤ 17 ማይሉን በ85 ደቂቃ ያቋርጣል። መኪናም ይጭናል፤ ለአንድ ቀን ከሆነ ግን መኪናውን ልዊስ አቁማችሁ በእግር ብትሳፈሩ ብዙ ታተርፋላችሁ። ፎቁ ላይ ቁሙ፤ በሰመር ዶልፊኖች ጎን ለጎን ሲዘሉ ማየት የተለመደ ነው። ኬፕ ሜይ በ1878 ተቃጥላ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት፤ ጣራቸውና በረንዳቸው በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ ባለቀለም ቤቶቿ ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። በ1859 የተሠራው የመብራት ማማዋ 199 ደረጃ አለው። እዚያ ዳርቻ ለመቀመጥ በሰመር የሚገዛ ምልክት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቀን ቤቶቹን እያዩ መዞር ይበቃል።

ጉዳቱ፦ ማታ ጭፈራ ለሚፈልግ ሰው ልዊስ ይሞትበታል። ለዚያ አጠገቧ ያለችው ዱዊ ቢች አለች፤ የወጣት ከተማ ናት፣ ሌሊቷ ረጅም ነው። ክፍል ሬሆቦት ይዞ ዱዊ ማምሸት ይቻላል፤ የጠጣ ሰው መሪ አይንካ እንጂ።

## ሦስተኛ፦ ቺንኮቲግ፣ ኬፕ ቻርልስና ቨርጂኒያ ቢች

ሁለት መንገድ አለው። አብዛኛው ሰው በአይ-95 ሪችመንድ፣ ከዚያ በአይ-64 ይሄዳል፤ ትራፊክ ከሌለ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ነው። «ትራፊክ ከሌለ» የምትለዋን ቃል ግን አትመኑ። ፍሬድሪክስበርግ ድረስ ያለው ሰልፍና ሃምፕተን ሮድስ ያለው የባሕር ሥር መተላለፊያ ሁለት ሰዓት ሊጨምሩባችሁ ይችላሉ።

ሌላው መንገድ በሩት 50 ሶልዝበሪ፣ ከዚያ በሩት 13 ወደ ደቡብ ነው። ርዝመቱ ይበልጣል፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ለጓደኛሞች ግን እሱን እመክራለሁ። ኬምብሪጅ አካባቢ ሃሪየት ተብማን የተወለደችበት፣ ባሪያ ሆና ያደገችበትና ያመለጠችበት አገር ነው፤ በስሟ በ2017 የተከፈተ ማዕከል አለ። ቺንኮቲግ የአሳቲግ ደቡብ በር ናት፤ ደሴቲቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ ከሜሪላንዱ በር ወደ ቨርጂኒያው በር ዞራችሁ አንድ ሰዓት ያህል መንዳት አለባችሁ። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ገደማ ባለ ረቡዕ ፈረሶቹ ውሃውን በዋና ሲሻገሩ ለማየት ሕዝብ ይጎርፋል፤ በዚያ ሳምንት ክፍል አትፈልጉ።

ኬፕ ቻርልስ ቼሳፒክ ሰላጤ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ውሃዋ ብዙ ርቀት እስክትገቡ ጉልበት አያልፍም። ፊቷ ወደ ምዕራብ ስለሆነ በምሥራቁ ጠረፍ እየኖርን የማናየውን፣ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ፣ እዚህ ታያላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ 17.6 ማይል የሚሆነው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይና ዋሻ ይመጣል። መንገዱ ሁለት ጊዜ ከባሕሩ ሥር ይገባል፤ ከላይ መርከቦች እንዲያልፉ ነው። ቶሉ ከ15 ዶላር በላይ ስለሆነ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ቨርጂኒያ ቢች ራሷ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሦስት ማይል የኮንክሪት መሄጃ፣ የብስክሌት መስመር፣ 31ኛው መንገድ ላይ ትልቁ የባሕር አምላክ የኔፕቱን ሐውልት። ሆቴል ብዙ ስለሆነ የዋጋ ምርጫው ከሁሉም ሰፊ ነው። የጦር አውሮፕላን ድምፅ ከላይ አይጠፋም፤ ጦርነት አይቶ የመጣ ሰው ከእናንተ ጋር ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

## አራተኛ፦ አውተር ባንክስ

270 ማይል ገደማ፣ አምስት ሰዓት፤ ቅዳሜ ከሆነ ስድስትና ሰባት። ቀጭን የአሸዋ ደሴቶች ናቸው፤ በአንድ በኩል ውቅያኖስ፣ በሌላው ሰፊ ሰላጤ። እንደ ኦሽን ሲቲ ያለ ቦርድዎክና የሆቴል ሰልፍ የለም። ብዙው ሰው ቤት የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ለሁለት ሰው ለሦስት ሌሊት ከሆነ ኪል ዴቭል ሂልስና ናግስ ሄድ ያሉትን ሞቴሎች ፈልጉ።

እዚያ ስትደርሱ ወጪው ይቀልላል። ዳርቻው ነጻ ነው፤ የኬፕ ሃተራስ ፌዴራል ዳርቻ መግቢያ የለውም፣ የጆኪስ ሪጅ ትልቁ የአሸዋ ተራራም እንዲሁ። ራይት ወንድማማቾች አውሮፕላናቸውን ዲሴምበር 17፣ 1903 ያበረሩበት ሜዳ ላይ የእያንዳንዱ በረራ ማረፊያ በድንጋይ ተመልክቷል። የመጀመሪያው 12 ሰከንድ፣ 120 ጫማ ነው፤ በእግራችሁ ስትለኩት ከአንድ ትልቅ የዛሬ አውሮፕላን ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ክንፍ ጫፍ አይሞላም፤ በአውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ ለመጣ ሰው የቆመበት ቦታ ስሜቱ ይለያል። ወደ ደቡብ ኬፕ ሃተራስ ያለው የመብራት ማማ ዳርቻውን ባሕሩ እየበላው ስለመጣ በ1999 ሙሉውን ሕንጻ 2,900 ጫማ ወደ ውስጥ ጎትተውታል። ሮዳንቲ ላይ ግን ባሕሩ ቤቶችን አሁንም እየወሰደ ነው።

ውሃው ከአራቱም ኃይለኛ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት የለም፣ እስከ ጉልበትም ቢሆን። ሁለታችሁም ዋና የማትችሉ ከሆነ ለባሕሩ ስትሉ ይህን ያህል አትንዱ።

## በአንድ ገጽ

| | ኦሽን ሲቲና አሳቲግ | ልዊስ፣ ሬሆቦት፣ ኬፕ ሜይ | ኬፕ ቻርልስና ቨርጂኒያ ቢች | አውተር ባንክስ |
|---|---|---|---|---|
| መንገድ (ያለ ትራፊክ) | 3 ሰዓት የማይሞላ | 2 ሰዓት ተኩል | 4 ሰዓት ተኩል በሩት 13 | 5 ሰዓት |
| የሚበቃው ሌሊት | 1–2 | 1–2 | 2 | 3 እና ከዚያ በላይ |
| ዋና ለማይችል | ላይፍጋርድ ባለበት ብቻ | ልዊስ በጣም ጥሩ | ኬፕ ቻርልስ በጣም ጥሩ | አይመከርም |
| የተደበቀ ወጪ | የአሳቲግ መግቢያ | የማቆሚያ ሜትር፣ ፌሪ | የድልድዩ ቶል፣ ማቆሚያ | ነዳጅ፣ የሳምንት ኪራይ |
| ማታ | የደመቀ | ጸጥታ፤ ዱዊ የደመቀ | የደመቀ | ጸጥታ |
| መንገዱ ራሱ | ቀጥ ያለ | እርሻና መርከብ | ከሁሉም የበለጸገ | ረጅም፣ መጨረሻው ውብ |

## ለማን የትኛው

አንድ ሌሊት ብቻ ያላችሁና ማረፍ የምትፈልጉ፦ ልዊስ፣ በማግስቱ በፌሪ ኬፕ ሜይ። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ልዊስን በደርሶ መልስ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ምግባችሁን ይዛችሁ።

አንዷ ሰው መሐል፣ ሌላዋ ጸጥታ የምትፈልግ ከሆነ፦ ኦሽን ሲቲ እደሩ፣ ጠዋቱን አሳቲግ አሳልፉ። ለሁለቱም የሚሆን ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ማክሰኞና ረቡዕ ኦፍ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሥራ ቀን ዋጋ ከቅዳሜው በጣም ይለያል።

ሁለት ሌሊት ያላችሁ፣ መንዳት የምትወዱ፦ በሩት 13 ኬፕ ቻርልስ አንድ ሌሊት፣ ቨርጂኒያ ቢች አንድ ሌሊት፣ መመለሻው በሪችመንድ፣ እሑድ ከቀትር በፊት።

አራት ሌሊት ያላችሁ፣ የምትዋኙ፦ አውተር ባንክስ፣ በተለይ ከአራት እስከ ስድስት ሆናችሁ ቤት ከተከራያችሁ። ኩሽና ስላለ ለጾመኛም፣ ሐላል ለሚበላም ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው። ሙስሊም ጓደኛ ይዛችሁ በሌሎቹ ከተሞች ድንችና ዓሣ ስታዙ ዘይቱ የአሳማ ሥጋ ተጠብሶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ ሳይከፋቸው ይነግሯችኋል።

ለሁሉም፦ ሹሩባ ተሠርታችሁ ሂዱ፤ አሸዋና ጨው የገባበትን የተፈታ ፀጉር ማበጠር ሙሉ ማታ ይፈጃል። የፀሐይ ክሬም ያዙ፤ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ውሸት ነው፣ ጓደኛዬ ትከሻዋ ተልጦ አይቻለሁ። እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበረዶው በላይ አስቀምጡት፤ ከሥር ከሆነ ይርሳል። ድርቆሽ፣ ቆሎና አንድ ብልቃጥ አዋዜ ሁለት ቀን ያቆያሉ።

እኛ ዘንድሮ የያዝነው ከሌበር ደይ በኋላ ያለውን ማክሰኞ ነው። ሁለት ሌሊት ልዊስ። ኢ-ዚፓሱን ሞልቻለሁ፤ ድልድዩን ስንሻገር የምትነዳው ጓደኛዬ ናት።